ከመሳፈር መማር ይቅደም

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የተነገረው ዕውቀቱ ሳይኖረው የዐዋቂ ጥምጥም ለሚጠመጥም ሰው ነበር። ነገር ግን አገር ለማየት ለሚነሣ መንገደኛም ቢነገር ያለ ቦታው የገባ አይሆንም። ሻንጣውን አስቀድሞ፣ ዕውቀቱን ግን «እዚያው ስደርስ አገኘዋለሁ» ብሎ የሚሳፈር ሰው፣ ብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር አቋርጦ ሄዶ የሚያየው ግድግዳና ጣራ ብቻ ነውና።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ አንድ ወዳጄ ነው። ወዳጄ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት ሲሆን፣ ከደመወዙ እየቈጠበ አራት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ ጃፓንን በማየት ሊያወጣው ቈርጧል። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ልንጠጣ በተቀመጥንበት ከኪሱ አንድ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልኝ። በወረቀቱ ላይ የስምንት ከተሞች ስም ተጽፏል፤ እነርሱም ሳፖሮ፣ ቶኪዮ፣ ዮኮሃማ፣ ናጎያ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ፣ ፉኩኦካና ናሃ ናቸው። በጃፓን ለመቈየት የያዘው ጊዜ ግን ዐሥር ቀን ብቻ ነው።

«ይህ ሁሉ በዐሥር ቀን ይታያል?» አልኩት።

«ባቡራቸው ፈጣን ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ባቡራቸው ፈጣን ነው። ሺንካንሰን የተባለው ፈጣን ባቡር በቶኪዮና በኦሳካ መካከል ሥራውን የጀመረው መስከረም 21 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሊከፈት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነበር። ያን ጊዜ አራት ሰዓት ይፈጅ የነበረው መንገድ ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ይሁን እንጂ ጃፓን ረዥም የደሴቶች አገር ናት። ሳፖሮ በሰሜን በኩል በረዶ በሚበዛበት በሆካይዶ ደሴት ትገኛለች፤ ናሃ ደግሞ በደቡብ በኦኪናዋ ደሴት ሆና ከቶኪዮ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ያህል ታስኬዳለች። እነዚህን ሁሉ በዐሥር ቀን ለማዳረስ የሚሮጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ልብሱን ሲያጣጥፍ፣ ጣቢያ ሲፈልግና በመስኮት ሲመለከት ነው።

ጕዳዩም ለሌላ ቀን የሚተላለፍ አልነበረም። ኢትዮጵያዊ ለጃፓን ቪዛ ሲያመለክት በየቀኑ የት እንደሚውልና የት እንደሚያድር የሚገልጽ ፕሮግራም ጽፎ ማቅረብ አለበትና፣ ወዳጄ አሳቡን ከመነሣቱ በፊት መቍረጥ ነበረበት። ስለዚህ እርሱ ከተማ ሲቈጥር እኔ ስሰርዝ፣ እኔ ስሰርዝ እርሱ ሲያዝን፣ ቡናው ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘ።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አቀረብኩለት። «ከጃፓን የምትፈልገው ምንድን ነው?» አልኩት። ጥቂት አሰበና «እንዴት እንደሠለጠኑ ማየት» ሲል መለሰልኝ።

ይህ መልስ በእኛ አገር ረዥም ዕድሜ ያለው መልስ ነው። የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ፣ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለ መጽሐፋቸው ለአገራቸው ሰው አካፍለዋል። ከእርሳቸው ጕዞ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅም፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ታይቶ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1868 ከተነሣው የሜይጂ ለውጥ ወዲህ አንድ የእስያ አገር ነጻነቷን እንደ ያዘች በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ መርከብና ፋብሪካ ስትሠራ ያዩት የዚያ ዘመን ሰዎች፣ ምሥጢሩ ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁ የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ጥያቄው የአገር ፍቅር ጥያቄ ነበር።

ነገር ግን ይህ ጥያቄ ጃፓንን እንደ ትምህርት ቤት እንጂ እንደ ሰው ቤት አያሳይም። ዐሥር ቀን ለሚቈይ እንግዳ የሚስማማው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ሲገባ ምን ያደርጋሉ? ምንን ያከብራሉ? በምን ያፍራሉ? ይህን አስቀድሞ ያጠና መንገደኛ በአንድ መንደር ብዙ ያያል፤ ያላጠና ግን ስምንት ከተማ አዳርሶ ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ከተማዎቹን ለጊዜው ትተን ከበሩ ለመጀመር ተስማማን።

የጃፓን ቤት በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚገኘው ጌንካን የሚባል፣ ከቤቱ ወለል ዝቅ ያለ ስፍራ ነው። ጫማ የሚወልቀው እዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲገባ ጫማ ማውለቅ ለለመደ ሰው ነገሩ አያስቸግርም፤ ጃፓናውያን ይህንኑ ክብር ለመኖሪያ ቤታቸው ሰጥተውታል ማለት ነው። ለቤት ውስጥ የሚሆን ነጠላ ጫማ ለእንግዳው ይቀርብለታል። ታታሚ የተባለው ከሣር የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ሲደርስ ግን እርሱንም አውልቆ በካልሲ ይራመዳል። ለመጸዳጃ ቤት ደግሞ የተለየ ነጠላ ጫማ አለ፤ ያንን ረስቶ ወደ እንግዳ መቀበያው ክፍል አድርጎት መምጣት ብዙ የውጭ አገር ሰዎች የሚፈጽሙት ስሕተት ነው። ወዳጄ ይህን ሲሰማ «ቀዳዳ የሌለው ካልሲ መግዛት አለብኝ» ብሎ በወረቀቱ ጀርባ ጻፈ። ከዚያ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ጠቃሚ ጽሑፍ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ማዕድ ስንመጣ ግን ወዳጄ ተቸገረ። ጃፓናውያን የሚበሉት በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች መሆኑን ያውቃል፤ ሕጉን ግን አያውቅም። እንጨቶቹን በሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል ነውር ነው፤ ለሟች የሚቀርበው ሩዝ እንዲህ ይደረጋልና። ከራስ እንጨት ወደ ሌላው ሰው እንጨት ምግብ ማቀበልም እንዲሁ ነውር ነው፤ ሬሳው ከተቃጠለ በኋላ ዘመዶች ዐፅሙን በእንጨት እየተቀባበሉ በማሰሮ ያኖራሉና። «እኔ ደግሞ አንዱን ጃፓናዊ ላጐርሰው አስቤ ነበር» አለኝ። እንግዲህ ፍቅሩን ሊገልጽ ብሎ የቀብር ሥርዐት ሊያስታውሳቸው ነበር ማለት ነው። ሌላውም ጕርሻ፣ ማለት ለአስተናጋጅ የሚተወው ገንዘብ፣ በዚያ አገር አልተለመደም፤ ሳንቲሙን ጠረጴዛ ላይ ትቶ የወጣውን ደንበኛ አስተናጋጁ የረሳ መስሎት ሊከተለው ይችላል። ከመብል በፊት «ኢታዳኪማሱ» ይባላል፤ በትሕትና እቀበላለሁ እንደ ማለት ነው። ከመብል በኋላ «ጎቺሶሳማ» ተብሎ ይመሰገናል።

በፍል ውሃም ቢሆን ሥርዐት አለ። ኦንሰን በሚባለው የፍል ውሃ መታጠቢያ ሰው አስቀድሞ በዳር ተቀምጦ ሰውነቱን በሳሙና አጥርቶ ይታጠባል፤ ወደ ገንዳው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዳው እድፍ የሚለቀቅበት ሳይሆን ሁሉም በጋራ የሚያርፍበት ውሃ ነው። በባቡር ውስጥ ደግሞ ስልክ ድምፁ ይዘጋል፤ በስልክ ማውራትም ነውር ነው። በመንገድ ላይ የቈሻሻ መጣያ እምብዛም አይገኝም፤ ሰው ቈሻሻውን በኪሱ ወይም በቦርሳው ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተማሪዎችም የሚማሩበትን ክፍል ራሳቸው ይጠርጋሉ።

እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ሕጎች የበቀሉት ከአንድ ሥር ነው። ጃፓናውያን «ሜይዋኩ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ በሌላው ሰው ላይ የሚደርስ ችግር ወይም ረብሻ ማለት ነው። ልጅ ከትንሽነቱ ጀምሮ የሚማረው ለሌላው ሜይዋኩ እንዳይሆን ነው። ይህን አንድ ቃል የያዘ መንገደኛ ሕጎቹን ሁሉ በቃሉ ባይዝ እንኳ አብዛኛውን በራሱ አስቦ ሊደርስበት ይችላል። ደግሞም ሁሉም ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ሲገናኙ ጐንበስ ብሎ እጅ መንሣት የእኛም አባቶች ወግ ነው። የስም ካርድ በሁለት እጅ ሰጥቶ በሁለት እጅ መቀበል ግዴታ መሆኑን ስነግረው ወዳጄ ሣቀና «ይህንንስ እናቴ ቀድማ አስተምራኛለች» አለኝ።

ከዚህ በኋላ ወደ ጊዜውና ወደ ገንዘቡ ተመለስን። የቼሪ አበባ በቶኪዮና በኪዮቶ የሚፈነዳው በፈረንጆች መጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ ነው፤ ውበቱ ታላቅ ቢሆንም የእንግዳው ብዛትና የሆቴሉ ዋጋም የዚያኑ ያህል ነው። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ባሉት ተከታታይ በዓላት ጃፓናውያን ራሳቸው አገር ስለሚጐበኙ ባቡሩም ማደሪያውም ይሞላል። በሰኔ ዝናብ አለ፤ በነሐሴና በመስከረም አውሎ ነፋስ ይመጣል። ስለዚህ ቅጠሉ በሚቀላበትና ሰማዩ በሚጠራበት በኅዳር ወር እንዲሄድ ተስማማን። ለውጭ አገር ሰዎች የሚሸጠው የሰባት ቀን የባቡር ፈቃድ በፈረንጅ አቈጣጠር በጥቅምት 2023 ከ29650 የን ወደ 50000 የን ከፍ ብሏል። ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር አንድ ጊዜ መሄጃ 14000 የን ያህል ስለሆነ፣ ብዙ ለማይዞር ሰው ለየብቻው ትኬት መቍረጥ ይሻላል። እንግዲህ ሩጫውን መቀነስ ገንዘቡንም ማዳን ሆነ።

አሁን ከተማዎቹ በሥርዐት መደርደር ጀመሩ። ለቶኪዮ አራት ሌሊት ተሰጣት። በቶኪዮ ምን እንደሚያይ ለመወሰን ወዳጄ አልተቸገረም፤ የእናቱ ወንድም የሆኑት ሽማግሌ አስቀድመው አደራ ብለውት ነበርና። «አበበ የሮጠበትን መንገድ ረግጠህ ና» ብለውታል። እርሳቸው ያን ቀን ትንሽ ልጅ ሆነው ከጐረቤት ሬዲዮ ሥር የሰሙት ነገር ዛሬም ከልባቸው አልወጣም።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ከቶኪዮ ብሔራዊ ስታዲየም ተነሥቶ ኮሹ ካይዶ በተባለው አሮጌ ጐዳና እስከ ቾፉ ከሮጠ በኋላ፣ በዚያው መንገድ ተመልሶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ከገባም በኋላ በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሕዝቡ በመደነቅ ይመለከተው ነበር። አሮጌው ስታዲየም ፈርሶ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2019 በስፍራው አዲስ ተሠርቷል፤ ሯጮቹ የዞሩበት ስፍራ ግን በቾፉ በመንገዱ ዳር የመታሰቢያ ምልክት ቆሞለታል።

ለወዳጄ ግን የዚያን ቀን ሌላውን ታሪክ ጨምሬ ነገርኩት። አበበን ተከትሎ ወደ ስታዲየሙ የገባው ጃፓናዊው ቱቡራያ ኮኪቺ ነበር። በገዛ ሕዝቡ ፊት፣ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፣ እንግሊዛዊው ሂትሊ አልፎት ሦስተኛ ወጣ። ለአገሩ ከባድ ስሜት የነበረው ይህ ወጣት ወታደር በፈረንጅ አቈጣጠር በ1968 ሌላ ኦሊምፒክ ሳይደርስ በገዛ እጁ ሕይወቱን አሳለፈ። ጃፓናውያን ከሥራ ብዛት ለሚመጣ ሞት «ካሮሺ» የሚል ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ይህን የተናገርኩት አገሪቱን ለመንቀፍ አይደለም። ሥርዐታቸውን ስናደንቅ ሥርዐቱ በሰው ትከሻ ላይ የሚጭነውንም ሸክም አብረን እንድናውቅ ነው። የባቡሩን ሰዓት ብቻ አይቶ «እነርሱ እንዲህ ናቸው፣ እኛ ግን እንዲህ ነን» እያለ አገሩን ሲያማ የሚኖር መንገደኛ፣ ጃፓንንም አላያት፣ አገሩንም አልጠቀማት።

ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ ሲሄድ በባቡሩ ቀኝ በኩል እንዲቀመጥ መከርኩት፤ ሰማዩ ከጠራ 3776 ሜትር የሚረዝመው የፉጂ ተራራ በዚያ በኩል ይታያልና። ኪዮቶ ከ794 ዓመት ጀምሮ በፈረንጅ አቈጣጠር ከሺሕ ዓመት በላይ የነገሥታቱ መቀመጫ ሆና የኖረች ከተማ ናት። በወርቅ የተለበጠውን ኪንካኩጂን ሁሉም ያየዋል፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1950 አንድ ወጣት መነኵሴ አቃጥሎት በ1955 እንደገና የተሠራ ነው። አንድ ሕንጻ ፈርሶ ሲታደስ ክብሩ አይቀንስም የሚለው አስተሳሰብ በጃፓን ጥንታዊ ነው። የኢሴ ታላቅ መቅደስ በየ20 ዓመቱ በአዲስ እንጨት ይሠራል፤ በ2013 የተሠራው 62ኛው ሲሆን የሚቀጥለው በ2033 ይሆናል። እኛ ላሊበላን የምናከብረው ያው ድንጋይ በመሆኑ ነው፤ እነርሱ ደግሞ የአናጢነቱን ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ በማሻገር ያንኑ ቤት ያኖሩታል።

በኪዮቶ በሻይ ሥርዐት ላይ እንዲገኝም ተስማማን። ሥርዐቱን ዛሬ ባለው መልኩ ያጸኑት በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1522 እስከ 1591 የኖሩት ሰን ኖ ሪክዩ ናቸው። የሻይ ቤቱ በር ትንሽ ስለሆነ ጌታም ሎሌም ጐንበስ ብሎ ይገባል፤ ጦረኛም ሰይፉን በውጭ ይተዋል። «እንግዲያውስ የእኛ ቡና ነዋ!» አለ ወዳጄ። ይመሳሰላል፤ ግን አንድ አይደለም። የእኛ ቡና የሚፈላው ሰው እንዲጫወት ነው። የእነርሱ ሻይ ግን የሚቀርበው ሰው ዝም ብሎ እንዲያስተውል ነው፤ ውሃው ሲፈላ፣ ጽዋው ሲዞር፣ የአስተናጋጁ እጅ ሲንቀሳቀስ። ይህ ስብሰባ ደግሞ አይመለስም ብለው ስለሚያምኑ አንዷን ሰዓት ያከብሯታል።

ከኪዮቶ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ወደ ናራ ይሄዳል፤ በዚያም በ752 በፈረንጅ አቈጣጠር የተመረቀውን፣ 15 ሜትር ያህል ቁመት ያለውን የነሐስ ቡድሃ ያያል። ጠባችን የተነሣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። «ናጎያንና ፉኩኦካን ጽፈህ ሂሮሺማን ለምን ተውክ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አራት ዓመት የቈጠብኩት ሐዘን ለማየት አይደለም» አለኝ፤ ድምፁም ጠንከር አለ።

ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ጧት፣ በእኛ አቈጣጠር 2 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አንድ ቦምብ በሂሮሺማ ላይ ወደቀ። እስከዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ 140000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ጕልላቱ አጥንቱ ብቻ የቀረው ሕንጻ ዛሬም በወንዙ ዳር እንደ ቆመ ነው፤ በቤተ መዘክሩ ውስጥም የሟቾቹ ልብስና የልጆች የምሳ ዕቃ ይታያል። ከቦምቡ የተረፉት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ማኅበር በፈረንጅ አቈጣጠር በ2024 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብሏል።

እኔም ለወዳጄ አልተከራከርኩትም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «በአገራችን እንግዳ ሆነህ የሄድክበት ቤት ሐዘን ደርሶበት ብታገኝ፣ ማዕዱን በልተህ እግዜር ያጽናችሁ ሳትል ትወጣለህ?» አልኩት። ዝም አለ። ጥቂት ቈይቶ እርሳሱን አነሣና ናጎያንና ፉኩኦካን ራሱ ሰረዛቸው። በቦታቸውም ሂሮሺማ ብሎ ጻፈ፤ አንድ ሌሊት።

እንግዲህ ከስምንቱ ከተሞች የቀሩት ቶኪዮና ኪዮቶ ናቸው፤ ናራና ሂሮሺማም ተጨምረዋል። ሳፖሮና ናሃ ሌላ አራት ዓመት የሚጠብቁ ይመስላል። ወዳጄ ወረቀቱን አጥፎ ሲያስቀምጥ «ይህን ሁሉ ትቼ ስመለስ ሰው ምን አየህ ቢለኝ ምን እላለሁ?» ሲል በቅሬታ ጠየቀኝ።

ለዚህ መልሱ ኪዮቶ ውስጥ ይጠብቀዋል። ከኪንካኩጂ በእግር ሩቅ ባልሆነ ስፍራ ሪዮአንጂ የሚባል ገዳም አለ። በግቢው ውስጥ ዛፍና ኵሬ የሌለው፣ በነጭ ጠጠር የተሸፈነ አትክልት ስፍራ ይገኛል፤ በጠጠሩ ላይ 15 ድንጋዮች ተቀምጠዋል። እንግዳው በእንጨት በተሠራው በረንዳ ላይ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል፤ ይቈጥራልም። በየትም በኩል ቢቀመጥ ግን 15ቱን በአንድ ጊዜ ሊያያቸው አይችልም፤ ቢያንስ አንዱ ይሸሸጋል። ተነሥቶ ወደ ሌላው ጫፍ ቢሄድ ያ ድንጋይ ይታየዋል፤ ሌላው ግን ይሰወረዋል።

ወዳጄ በበረንዳው ላይ አንድ ሰዓት እንዲቀመጥ በፕሮግራሙ ተጽፎለታል። እስከዚያው ድረስ ከሥራ ሲወጣ ማታ ማታ በሁለት እንጨት ሽምብራ ማንሣት እየተለማመደ ነው። ትናንት ስጠይቀው ከሃያው ዐሥራ አንዱን ሳይጥል ወደ ሳሕኑ እንዳደረሰ ነግሮኛል።